ከሆድ አደጋ በኋላ ሁለተኛው ሲቲ ስካን፦ መቼ ይነሣ፣ እንዴት ይነሣ?

ሆዱ ላይ አደጋ ደርሶበት ያለ ቀዶ ሕክምና ክትትል የሚደረግለት ሰው በሦስተኛው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል። የደም ግፊቱ ተስተካክሏል፣ ሄሞግሎቢኑ አልወረደም፣ ምግብም ጀምሯል። ጣፊያው ውስጥ ግን ግድግዳው የተጎዳ ትንሽ አርቴሪ ቀስ በቀስ እየተነፋ ሊሆን ይችላል። ሱዶአንዩሪዝም የሚባለው ይህ ነው፤ የሚፈነዳውም ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሲቲ ዋጋ የሚኖረው ይህን ለማየት ታስቦ ከተነሣ ነው።

በመጠየቂያው ላይ «ለክትትል» ብቻ ብሎ መላክ አይበቃም። አደጋው የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ የተጎዳው አካልና የጉዳቱ ደረጃ (ከቀላሉ 1 እስከ ከባዱ 5)፣ የተደረገለት ሕክምና፣ አሁን የተጠረጠረው ነገር ይጻፍ። የመጀመሪያው ሲቲ ሌላ ሆስፒታል ተነሥቶ ከሆነ ሲዲው ይምጣ፤ ሪፖርቱን ብቻ ይዞ ማወዳደር አይቻልም።

ጊዜው እንደ አካሉ ይለያያል። ጣፊያ ላይ ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ጉዳት ብዙ ማዕከላት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይደግማሉ። በወባ ወይም በካላዛር ያበጠ ጣፊያ በቀላል ምት ስለሚቀደድ፣ ምቱ ትንሽ ነበር ብሎ መዘናጋት አይገባም። ደረጃ 4 እና 5 የኩላሊት ጉዳት ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገማል። ጉበትን በአብዛኛው ምልክቱ ነው የሚያስደግመው፤ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም። ደም ማስመለስ ወይም ጥቁር ሰገራ ካለ ደም ወደ ሐሞት ቱቦ እየፈሰሰ መሆኑን ይጠርጥሩ። የቆሽት ጉዳት በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ላይታይ ስለሚችል ሕመሙ ከቀጠለ ወይም ላይፔዝ (በደም የሚለካ የቆሽት ኢንዛይም) ከጨመረ ይደገም። አንጀት ግን ቀናት አይሰጥም። ጉበትም ጣፊያም ሳይጎዱ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ከታየ፣ በተለይ የመኪና ቀበቶ ምልክት ቆዳው ላይ ካለ፣ በየጥቂት ሰዓቱ ይመርምሩት፤ ሆዱ ከደነደነ ወይም ግፊቱ ከወረደ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንጂ ወደ ሲቲ አይወሰድም።

ከማንሣትዎ በፊት ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታይ፣ የአለርጂ ታሪክና እርግዝና ይጠየቅ። በክርን እጥፋት ላይ 18 ወይም 20 ጌጅ ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ያስገቡ። በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ኮንትራስት (የደም ሥሮችን በምስሉ ላይ የሚያጎላ መድኃኒት) በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ይግባ፣ ሳላይን ይከተለው። ከዲያፍራም በላይ ጀምረው እስከ ዳሌ ግርጌ ያንሡ፤ አርቴሪያል ፌዝ (ኮንትራስቱ አርቴሪዎች ውስጥ ሳለ የሚነሣው) መስጠት ከተጀመረ በ30–35 ሰከንድ፣ ፖርታል ቬነስ (ወደ ጉበት ደም መላሽ ሥሮች ሲደርስ የሚነሣው) በ70 ሰከንድ ገደማ። ኩላሊት ወይም የሽንት ቱቦ ከተጠረጠረ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቀው የዘገየ ፌዝ ይጨምሩ።

ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። በ70ኛው ሰከንድ ብቻ ከተነሣ ሱዶአንዩሪዝሙ ከጣፊያው ሥጋ ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ይችላል። በአርቴሪያል ብቻ ከተነሣ ደግሞ እየፈሰሰ ካለ ደም መለየት ያስቸግራል፤ ሱዶአንዩሪዝም በሁለተኛው ፌዝ ከአኦርታ (ከዋናው አርቴሪ) ጋር አብሮ ይደበዝዛል፣ የሚፈስ ደም ግን እየሰፋ ይሄዳል። የዘገየው ፌዝ ከተዘለለ በኩላሊት ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ሽንት ይሁን ሌላ ፈሳሽ አይለይም። ኢንጀክተር (ኮንትራስት የሚገፋው ማሽን) ጠፍቶ ኮንትራስቱ በእጅ ከተሰጠ አርቴሪያሉ ደካማ ስለሚሆን ይህ በሪፖርቱ ይጠቀስ።

ፈሳሹን ሲለኩ ከ0 እስከ 20 ሐውንስፊልድ (በሲቲ ላይ የእፍጋት መለኪያ) ወደ ሐሞት፣ ሽንት ወይም የአንጀት ፈሳሽ ያመለክታል፤ ከ30 እስከ 45 ያልረጋ ደም፣ ከ45 እስከ 70 የረጋ ደም ነው። ከባድ የደም ማነስ ባለበት ሰው ትኩስ ደምም ከ30 በታች ሊለካ ይችላል። ከኤምቦላይዜሽን (የሚደማውን ሥር ከውስጥ በቱቦ ገብቶ ከመድፈን) በኋላ በጉበት ወይም በጣፊያ ውስጥ የሚታይ አየር ሁሉ መግል አይደለም፤ ከትኩሳቱና ከነጭ የደም ሴል ቁጥሩ ጋር ይመዘን።

ምልክት የሌለውን ደረጃ 1 ወይም 2 ጉዳት መድገም ጨረር ማባከን ነው፤ ለሕፃናት በአልትራሳውንድ ይጀመር። ሱዶአንዩሪዝም ከታየ ግን ሪፖርቱ እስኪጻፍ አይጠበቅም፤ ለተረኛው ሰርጅን ወዲያው ይደወል፣ ከደሙ ጋር መስማማቱ የተረጋገጠ ደም ይዘጋጅ፣ ኤምቦላይዜሽን የሚሠራበት ቦታ ካለ ሕመምተኛው ሳይደማ ይላክ።