አረጋውያን ማዕከል ሲቀይሩ ዕቃቸው እንዳይጠፋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ አረጋዊ ከአንድ መንከባከቢያ ማዕከል ወደ ሌላ ሲዛወሩ ቤተሰብ ቀድሞ የሚጨነቀው ለወርቅና ለገንዘብ ነው። ቢጨነቅም አይፈረድበትም። ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያም ይጠፋሉ፤ እነሱን ደግሞ ሌባ አይፈልጋቸውም። ከአንሶላ ጋር ተጠቅልለው፣ ከምግብ ትሪ ጋር ተነስተው ነው የሚሄዱት።

ጥርስን በሶፍት መጠቅለል

የስህተቶች ሁሉ አለቃ ይሄ ነው። ሰውየው ምሳ ሲበሉ ጥርሱ ይቆረቁራቸዋል። አውልቀው በሶፍት ይጠቀልሉና ትሪው ላይ ያስቀምጡታል። ትሪ የምታነሳዋ ሠራተኛ የሚታያት ያገለገለ ሶፍት ነው። በቃ፣ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። አዲስ ለማሠራት ልኬት አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ ሙከራ አለ፤ እስከዚያው ለስላሳ ምግብ ብቻ ነው። ስማቸው የተጻፈበት፣ ክዳን ያለው ዕቃ ያዘጋጁ። ጥርሱ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከደረቀ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። በነገራችን ላይ፣ ሲሠራ ስም እንዲገባበት ማድረግም ይቻላል።

የመስሚያ መሣሪያን ሻንጣ ውስጥ መክተት

ጆሯቸው ላይ ሆኖ ይሂድ። አዲሱ ማዕከል ያሉት ሠራተኞች ሰውየውን አያውቋቸውም። ጠይቀዋቸው መልስ ሲያጡ «ግራ ተጋብተዋል» ብለው ሊመዘግቡ ይችላሉ። ችግሩ ግን አለመስማት ነበር። ያቺ አንዲት መስመር ደግሞ ፋይላቸው ላይ ትቀራለች። የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ይመዝግቡ፤ ባትሪው ወይም ቻርጀሩም አብሮ ይሂድ። መነጽርም እንዲሁ፣ ቦታው ፊት ላይ ነው።

«አንድ የወርቅ ቀለበት» ብሎ መጻፍ

የዕቃቸውን ዝርዝር የሚመዘግበው ሰው ወርቅ አንጥረኛ አይደለም። ቀለበቱ በኋላ ናስ ሆኖ ቢገኝ «ቀየራችሁት» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች «ቢጫ ብረት ቀለበት፣ አንድ ነጭ ድንጋይ ያለው» ብለው የሚታየውን ብቻ ይጽፋሉ። ፎቶም ይነሳ። ገንዘብ ከሆነ ሁለት ሰው ባለበት ተቆጥሮ ይታሸግ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለጉዞው ቀን የማያስፈልግ ጌጥ ቤተሰብ ጋ ቢቆይ ይሻላል። ግን አረጋዊው ራሳቸው እሺ ካሉ ብቻ ነው። የጋብቻ ቀለበታቸውን ማንም ተነስቶ ከጣታቸው አያወልቅም።

በአሮጌ ዝርዝር መረካከብ

ዝርዝሩ የተጻፈው መጀመሪያ ማዕከሉ ሲገቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ሹራብ ተገዝቷል፣ ስልክ ተቀይሯል፣ ብርድ ልብስ መጥቷል። ከመነሳታቸው በፊት እንደ አዲስ ይጻፍ። አስረካቢም ተረካቢም ይፈርሙበት፣ አንድ ቅጂ ቤተሰብ እጅ ይግባ።

ጥቁር ፌስታል

ቆሻሻ መስሎ ይጣላል። ሻንጣ ከሌለ ውስጡ የሚታይ ከረጢት ይጠቀሙ፣ ስምና «ከ3ቱ 1ኛ» የሚል ይለጠፍበት።

ክፍሉን ላይ ላዩን አይቶ መውጣት

ቁም ሳጥኑን ሁሉም ያያል። ትራስ ልብሱ ውስጥ፣ ፍራሹ ሥር፣ የተሽከርካሪ ወንበሩ መቀመጫ ስፖንጅ ሥርስ? ላውንደሪም ይጠይቁ፤ ግማሹ ልብስ እጥበት ላይ ሊሆን ይችላል።

«ይሄ አሮጌ ነው» ብሎ መጣል

ጫፉ የተበላ ሻርፕ፣ ፍሬሙ የተሰነጠቀ ፎቶ። ለእኛ ኮተት ነው። የማስታወስ ችግር ላለባቸው ሰው ግን አዲሱ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት ነገር እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁ አይጣሉ። እንደደረሱም ከሻንጣው መጀመሪያ እሱ ይውጣ፣ ከአልጋው ሆነው የሚያዩት ቦታ ይቀመጥ።

«ነገ እንፈልገዋለን» ማለት

በደረሱበት ቀን ዝርዝሩን ይዘው ዕቃውን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። የጎደለ ካለ ያኔውኑ ወደ ቀድሞው ማዕከል ደውለው ተረኛዋን ያናግሩ፤ አንሶላው ሳይታጠብ፣ ቆሻሻውም ሳይወጣ።