የአየር ንብረት ቀጠናዎችን ለውጥ በመረብ ሳይንስ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

ፓስፊክ ላይ ኤልኒኞ (የውቅያኖሱ ውሃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) ሲነሳ የፔሩ ጠረፍ በዝናብ ይጥለቀለቃል፤ በዚያው ሰሞን ምሥራቅ አውስትራሊያ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ተራርቀው ያሉ ቀጠናዎች እንዲህ ይነካካሉ። ምድር ስትሞቅ ይህ ትስስር የት እንደላላ፣ የት እንደጠበቀ በመረብ ሳይንስ፣ ማለትም ቦታዎችን ነጥብ፣ ትስስራቸውን መስመር አድርጎ በማየት፣ መለካት ይቻላል። ላፕቶፕና ትንሽ የፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ችሎታ ይበቃል።

መረጃ አውርዱ። ኢአርኤ5 የተባለው የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል መረጃ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ይዟል፤ ነፃ ነው። ወርሃዊውን የሙቀት መጠን ውሰዱ። ዓለምን በ5 ዲግሪ ስትከፋፍሉት 2,592 ካሬ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ካሬ የመረቡ አንድ ነጥብ ነው።

አጽዱት። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፤ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ሁለት ቦታዎች በአንድ ወቅት አብረው ስለሞቁ ብቻ ተሳስረዋል አይባልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወር ላይ የዚያን ወር የብዙ ዓመት አማካይ ቀንሱ። ቀጥሎ የረጅም ጊዜውን የሙቀት ጭማሪ አውጡ። ካላወጣችሁት ሁሉም ከሁሉም ጋር የተሳሰረ ይመስላል። «ሙቀቱን ልናጠና ተነስተን እንዴት እናወጣዋለን?» ትሉ ይሆናል። ቦታዎቹ መሞቃቸውንማ ቴርሞሜትር ነግሮናል። እኛ የምንፈልገው እየሞቁ ሳለ እርስ በርስ የሚነካኩበት መንገድ ተቀይሮ እንደሆነ ማወቅ ነው።

መረቡን ሥሩ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ኮሪሌሽን (ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ የሚያሳየውን ቁጥር) አስሉ። ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ጥንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይችለዋል። በጣም ጠንካራዎቹን 5 በመቶ ብቻ መስመር አድርጉ። ይህን አንዴ ለ1951–1980፣ አንዴ ለ1991–2020 ሥሩ። መቶኛው በሁለቱም እኩል ይሁን።

60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ካሬው ምድር ወገብ ላይ ካለው በግማሽ ይጠባል። ስለዚህ መስመር ስትቆጥሩ ነጥቦቹን በኬክሮሳቸው ኮሳይን አባዙ፤ አለዚያ ዋልታዎቹ ያለ ልካቸው ይገንናሉ።

ቀጠናዎቹን አስገቡ። የብስ ላይ ላለ እያንዳንዱ ነጥብ ኮፐን ከተባለው የአየር ንብረት አመዳደብ አምስት ዋና ቀጠናዎች አንዱን ስጡት። በቀጠና ውስጥ ያሉትንና ቀጠና የሚሻገሩትን መስመሮች ለየብቻ ቁጠሩ። ለሁለቱም ዘመን የመጀመሪያውን ዘመን ካርታ ተጠቀሙ። ካርታውም ከተቀየረ ለውጡ ከመስመሩ ይሁን ከድንበሩ መለየት አይቻልም።

ፈትኑት። የሁለቱን ዘመን ዓመታት ቀላቅላችሁ በዘፈቀደ ለሁለት ክፈሉ፤ መረቡን እንደገና ሥሩ። መቶ ጊዜ ደጋግሙት። ያገኛችሁት ልዩነት ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ ካልወጣ፣ ለውጥ አገኘን አትበሉ።