የትልልቅ ኢኮኖሚስቶችና ዲፕሎማቶች ሲቪ እንዴት ይነበባል

አንድ ሰው የአይኤምኤፍ (የአለም የገንዘብ ድርጅት) ወይ የተመድ ሀላፊ ሆኖ ሲሾም አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ስሙን ሰርች አድርጎ የመጀመሪያውን አንቀፅ አንብቦ መውጣት ነው፣ ሚኒስትር ነበሩ፣ የባንክ ገዥ ነበሩ፣ ዶክትሬት አላቸው፣ በቃ። ከዛ ፖስት እናደርጋለን፣ እንከራከራለን። እነዚህ ሰዎች ግን ስለ ሀገራት ብድር፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ሰላም አስከባሪ ጦር የሚወስኑ ናቸው፣ ማን እንደሆኑ በደንብ ማወቅ ለኔ ትልቅ ጉዳይ ነው። ኢኮኖሚክስ ወይ ፖለቲካል ሳይንስ ለምትማሩ፣ ጋዜጠኛ ለሆናችሁ፣ ወይ ራሳችሁ አንድ ቀን እዛ መድረስ ለምትፈልጉ ይጠቅማል ብዬ ነው የምፅፈው። አመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሲቪውን ገልብጣችሁ ፃፉት። ኦፊሻል ባዮግራፊ ሁሌ አሁን ካለው ስልጣን ይጀምርና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሀል ላይ ደሞ አመት ይዘላል። እናንተ ወረቀት ወይ ኤክሴል ላይ ከመጀመሪያው ስራ ጀምራችሁ አመት በአመት ደርድሩት። ለምሳሌ ንጎዚ ኦኮንጆ ኢዌላን ውሰዱ፣ ከ2021 ጀምሮ የአለም ንግድ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ናቸው ሲባል የንግድ ድርድር ሰው ይመስላሉ፣ ስትደረድሩት ግን ወደ 25 አመት የሚጠጋው እድሜያቸው ያለፈው አለም ባንክ ውስጥ ነው፣ ከዛ ወጥተው ከ2003 እስከ 2006 የናይጄሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፣ ተመልሰው ባንኩ ገቡ፣ በ2011 ደሞ እንደገና ሚኒስትር። ማለትም ሙያቸው ገንዘብና እዳ ነው። በ2005 ሀገራቸው ከፓሪስ ክለብ፣ ማለትም ከአበዳሪ ሀገራት ስብስብ ጋር ተስማምታ 18 ቢሊዮን ዶላር እዳ ሲሰረዝላት ድርድሩን የመሩት እሳቸው ናቸው፣ ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ንግግራቸውን በሌላ ጆሮ ነው የምትሰሙት።

ቀጥሎ የስልጣን መጠሪያ እንዳያሳስታችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ዜና ላይ በጣም የሚበላሸው ይሄ ነው። ማኔጂንግ ዳይሬክተር አይኤምኤፍ ውስጥ ከሆነ ከሱ በላይ የሚሰራ ሀላፊ የለም፣ አለም ባንክ ውስጥ ከሆነ ግን ከፕሬዝዳንቱ በታች ካሉ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው፣ ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ ደሞ ማኔጂንግ ዳይሬክተር የሚባሉት መአት ናቸው። ሲኢኦም እንደዛው ነው፣ ክርስታሊና ጆርጂዬቫ ከ2017 ጀምሮ የአለም ባንክ ሲኢኦ ነበሩ ግን ከላያቸው ፕሬዝዳንቱ ጂም ዮንግ ኪም ነበሩ፣ ኪም በ2019 መጀመሪያ ሲለቁ ነው ለጥቂት ወራት ተጠባባቂ ፕሬዝዳንት የሆኑት። ዋና ኢኮኖሚስት ሲባል ደሞ ብድር የሚፈቅድ ሰው አይደለም፣ ጥናቱንና ትንበያውን የሚመራ ነው፣ ጆሴፍ ስቲግሊትዝ ከ1997 እስከ 2000 በአለም ባንክ፣ ራጉራም ራጃን ከ2003 እስከ 2006 በአይኤምኤፍ እዚህ ቦታ ላይ ነበሩ፣ ሁለቱም ያኔ የተናገሩት ነገር ብዙ ሰው አስቆጥቷል፣ ቦታው ግን የመናገር እንጂ የመወሰን ቦታ አልነበረም። አንድ ልጨምር፣ የአይኤምኤፍ የገዥዎች ቦርድ አባል ነበሩ የሚል ሲቪ ላይ ስታዩ አትደነቁ፣ ሁሉም አባል ሀገር የገንዘብ ሚኒስትሩን ወይ የማእከላዊ ባንክ ገዥውን እዛ ያስቀምጣል፣ ከዋናው ስራ ጋር አብሮ የሚመጣ ወንበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ማን ነው ያስቀመጣቸው? በኔ እምነት ከዚህ ጥያቄ በላይ አንድን ካሪየር የሚያብራራ ነገር የለም፣ ዲግሪም አይደለም ችሎታም አይደለም። ድርጅቶቹ ስራ ከጀመሩበት ከ1946 ጀምሮ አይኤምኤፍን በቋሚነት የመራው አውሮፓዊ ነው፣ አለም ባንክን ደሞ በአሜሪካ የቀረበ እጩ፣ በየትኛውም ህግ ላይ አልተፃፈም ግን እስካሁን አልተሰበረም። አይኤምኤፍ ውስጥ ድምፅ የሚሰላው በኮታ፣ ማለትም ሀገሩ በድርጅቱ ውስጥ ባለው የገንዘብ ድርሻ ነው፣ አሜሪካ ወደ 16.5 በመቶ ገደማ ድምፅ አላት፣ ትልልቅ ውሳኔዎች ደሞ 85 በመቶ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ብቻዋን ማስቆም ትችላለች ማለት ነው። የንግድ ድርጅቱ በስምምነት ነው የሚሰራው፣ አንድ ሀገር እምቢ ካለ ያልቃል፣ ኦኮንጆ ኢዌላ በ2020 መጨረሻ ላይ ሰፊ ድጋፍ እያላቸው የትራምፕ መንግስት የደቡብ ኮሪያዋን እጩ እደግፋለሁ ብሎ ወራት ቆመባቸው፣ ዋሽንግተን ላይ መንግስት ሲቀየር ነው የተለቀቀላቸው። ሲቪያቸው ላይ በዛ ሶስት አራት ወር ውስጥ ምንም አልተጨመረም፣ የተቀየረው ዋይት ሀውስ ነው።

ተመድ ጋ ደሞ የፀጥታው ምክር ቤት ያቀርባል ጠቅላላ ጉባኤው ይሾማል፣ ቪቶ (ውሳኔን ብቻቸውን የመጣል መብት) ካላቸው ከአምስቱ ሀገራት፣ ከአሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ፣ አንዳቸው ካልፈለጉ የትኛውም አይነት ታሪክ ቢኖራችሁ ዋጋ የለውም። በ1996 የያኔው ዋና ፀሀፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ለሁለተኛ ዘመን ከ15 ድምፅ 14 አግኝተው በአሜሪካ ቪቶ ወደቁ፣ በሳቸው ምትክ የተመረጡት ኮፊ አናን ደሞ በ1962 ጄኔቫ የአለም ጤና ድርጅት ውስጥ በበጀትና አስተዳደር ሰራተኝነት የጀመሩ፣ ከድርጅቱ ሰራተኞች መሀል ወጥተው ዋና ፀሀፊ የሆኑ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ስለዚህ ሰንጠረዣችሁ ላይ አንድ ተጨማሪ ኮለም አድርጉ፣ ከእያንዳንዱ ስልጣን አጠገብ ማን ሾመ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ሲወርድ ወጡ።

ሌላው ኮለም ያን ጊዜ ምን እየተቃጠለ ነበር የሚል ነው። አናንን ካነሳን እሳቸውን እንየው፣ ከ1993 እስከ 1996 የሰላም ማስከበር ክፍል ሀላፊ የሚል አንድ መስመር አለ፣ በዚች መስመር ውስጥ የ1994ቱ የሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋና የ1995ቱ የስሬብሬኒጻ (ቦስኒያ) ጭፍጨፋ አሉ። ዋና ፀሀፊ ሆነው በ1999 ስለ ሁለቱም ሪፖርት ወጥቷል፣ የድርጅቱን ድክመት ጭምር የሚናገሩ ናቸው፣ ስለሳቸው ልትፅፉ ከሆነ እነዛን ሳታነቡ አትጀምሩ።

ማንሞሀን ሲንግ ደሞ ሌላ አይነት ናቸው። የኦክስፎርድ ዶክትሬት፣ አንክታድ (የተመድ የንግድና ልማት ድርጅት)፣ ከ1982 እስከ 1985 የህንድ ማእከላዊ ባንክ ገዥ፣ ከዛ የፕላን ኮሚሽን፣ ከዛ ጄኔቫ ሳውዝ ኮሚሽን (ስለ ታዳጊ ሀገራት የሚያጠና ኮሚሽን)፣ እስከዚህ ድረስ ስታዩት ጥሩ ቢሮክራት ነው የሚመስለው። ሰኔ 1991 ላይ ግን ሀገሪቱ የቀራት የውጭ ምንዛሪ የጥቂት ሳምንት ኢምፖርት ብቻ የሚሸፍን ነበር፣ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናራሲምሀ ራኦ የገንዘብ ሚኒስትር አደረጓቸው፣ በሚቀጥለው ወር ሩፒው ወረደ፣ ለኢንዱስትሪ የመንግስት ፈቃድ ይጠይቅ የነበረውን አሰራር የሚያፈርሰው ሪፎርም ተጀመረ። ከ2004 ጀምሮ 10 አመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ አንድም ጊዜ የታችኛውን ምክር ቤት ወንበር በምርጫ አሸንፈው አያውቁም። ኢኮኖሚስት ሆኖ ፖለቲካ ላይ መድረስ ለሚፈልግ ሰው ይሄ መጠናት ያለበት ካሪየር ነው፣ ምክንያቱም ቀውሱ ሲመጣ ዝግጁ የነበረ ሰውና ከላይ ሆኖ ፖለቲካውን የሚሸከምለት ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተገኝተዋል፣ አንዱ ብቻ ቢሆን የሚሰራ አይመስለኝም።

የግል ዘርፍ የሚለውን መስመርም አትዝለሉት፣ አትፍረዱበትም። ማርክ ካርኒ ካናዳ ማእከላዊ ባንክ፣ እንግሊዝ ማእከላዊ ባንክ፣ በ2025 ደሞ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት ጎልድማን ሳክስ የሚባለው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ 13 አመት ሰርተዋል። በኋላ የአውሮፓ ማእከላዊ ባንክ ፕሬዝዳንት የሆኑት ማሪዮ ድራጊም ከ2002 እስከ 2005 እዛው ነበሩ፣ ድራጊ ላይ ኦንላይን የምታዩት አንድ ክስ አለ፣ ግሪክ እዳዋን ለማሳነስ ከጎልድማን ጋር ያደረገችውን ውል እሳቸው ናቸው የሰሩት የሚል። አመቱን እዩ፣ ውሉ የ2001 ነው፣ እሳቸው የገቡት በ2002 ነው፣ እስከ 2001 ድረስ የጣሊያን ግምጃ ቤት ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። ማንበብ ከፈለጋችሁ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ስላሳለፉት አስር አመት አንብቡ፣ መስከረም 1992 ላይ የጣሊያን ገንዘብ ሊራ በገበያ ተመትታ ከአውሮፓ የምንዛሪ ስርአት ስትወጣ ቢሮው ውስጥ ነበሩ። 20 አመት ቆይቶ ሀምሌ 26 ቀን 2012 ለንደን ላይ ዩሮን ለማዳን ባንካቸው በስልጣኑ ውስጥ አስፈላጊውን ሁሉ እንደሚያደርግ ሲናገሩ ገበያው አመናቸው፣ ከዛ በኋላ ይፋ የሆነው የቦንድ ግዢ ፕሮግራም አንድም ጊዜ ስራ ላይ ሳይውል እዳ የከበዳቸው የዩሮ ሀገራት የሚበደሩበት ወለድ ወረደ። በኔ ግምት እንደዛ አይነት ንግግር ከገበያ ጋር ተናንቆ ከሚያውቅ ሰው ነው የሚወጣው።

ስለ ትምህርት ብዙ አልልም። አይኤምኤፍን ከ2011 እስከ 2019 የመሩት ክርስቲን ላጋርድ የህግ ሰው ናቸው፣ ጂም ዮንግ ኪም ሀኪም፣ ከ2017 ጀምሮ የተመድ ዋና ፀሀፊ የሆኑት አንቶኒዮ ጉተሬዝ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነበሩ። የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት በጣም የሚያስፈልገው ከታች ተቀጥራችሁ በኢኮኖሚስትነት ማደግ ስትፈልጉ ነው፣ አይኤምኤፍ ለጀማሪ ኢኮኖሚስቶች ያለው ፕሮግራም በዋናነት ዶክትሬት የያዙ ወይ ሊጨርሱ የደረሱትን ነው የሚወስደው።

መረጃውን ከየት ታገኛላችሁ ካላችሁ፣ ኢንተርቪው ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ እጩዎች ከመሾማቸው በፊት ምክር ቤት ፊት የሚጠየቁበትን ስብሰባ የቃል ፅሁፍ ፈልጉ። ለአውሮፓ ማእከላዊ ባንክ የሚታጩ ሰዎች የአውሮፓ ፓርላማ ፊት ይጠየቃሉ፣ የአሜሪካ ሹማምንት ሴኔት ፊት፣ እዛ የማይመች ጥያቄ አለ፣ መልሱም በቃሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አይኤምኤፍ የሀላፊውን የሹመት ውል ደሞዝ ጭምር ያወጣል፣ የላጋርድ በ2011 በአመት 467,940 ዶላር ነበር።

ለመለማመድ ጥሩ ጊዜ ነው፣ የጉተሬዝ ሁለተኛ ዘመን በ2026 መጨረሻ ያልቃል። በእጩነት ስማቸው ከሚነሳው አንዱን ውሰዱ፣ በአመት ደርድሩት፣ ሁለቱን ኮለም ሙሉ፣ ከዛ ከአምስቱ ሀገራት የትኛው በየትኛው ስራቸው ምክንያት እምቢ ሊል እንደሚችል ስሙን ከነምክንያቱ ፃፉ፣ ድምፁ ሲሰጥ ታመሳክሩታላችሁ።