የጅማ ቡና አልጄሪያ ሲበቅል

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ ቢሮዬ መጣ። ለአንድ ቡና ላኪ የገበሬዎችን ማሳ መዝግቦ ጨርሷል። ካርታውን ሲከፍተው ግን ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ላይ መታየት የነበረባቸው ነጥቦች አልጄሪያ ውስጥ፣ አናባ ከተማ አካባቢ ተኮልኩለዋል። "ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል መሰለኝ" አለኝ። አልተበላሸም። ይህን ስህተት ሳይ አራተኛዬ ነው። ጽፌው ልገላገል።

ቁጥር መገልበጥ

ጅማ ኬክሮሷ 7.67፣ ኬንትሮሷ 36.83 አካባቢ ነው። ስንናገር ኬክሮስን እናስቀድማለን። ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። ከገለበጣችሁት ቡናው ሰሜን አፍሪካ ይበቅላል። በቃ ይኸው ነው።

ነገሩ ቀልድ የማይሆነው ከኋላው ሕግ ስላለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እዚያ ገበያ እንዳይገባ ተደንግጓል። ላኪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መጠቆም አለበት። ከ4 ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ ዙሪያው ይሳላል። ለትንሹ አንድ ነጥብ ይበቃል። ቁጥሩ ግን ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይፈልጋል። ኤክሴል ላይ "ለማሳመር" ሁለት አሃዝ ብቻ ያስቀራችሁ ልጆች፣ ማሳውን ግማሽ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ልታርቁት ትችላላችሁ ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ውድ ሶፍትዌር የሚገዛ እዚህ ከተማ ብዙ የለም። ስልክ ላይ መረጃ ለመመዝገብ ኮቦ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለሒሳብና ለመጋዘን ኦዱ ወይም ኢአርፒኔክስት እንጠቀማለን። ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ኮዳቸው፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ክፍት ነው። በነሱ ነው የምንኖረው። ለዚህም ነው የሚቀጥለው ስህተት ደሜን የሚያፈላው።

"ነፃ አይደል እንዴ?"

በአማርኛችን "ነፃ" እና "በነፃ" የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ከ"በ" ነው። ኦፕን ሶርስ ነፃ ነው ሲባል ልታዩት፣ ልታሻሽሉት፣ ልታከፋፍሉት ነፃነት አላችሁ ማለት ነው። ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ባለቤት አለው። ቃልም አስገብቷችኋል። ቃሉ ላይሰንሱ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ ነው።

አንድ ወጣት ለሁለት ማኅበራት ሲስተም ሸጦ ነበር። ማኅበራቱ "እየው እስቲ" ብለው ጠሩኝ። ገና ስከፍተው አወቅሁት፤ ኢአርፒኔክስት ነው። ልጁ የሠሪዎቹን ስም ከየፋይሉ አንድ በአንድ ለቅሞ አጥፍቷል። በቦታው የራሱን ስም ጽፎ "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" ብሏል። ኮዱን ስጡን ሲሉት ደግሞ "የድርጅቴ ምስጢር ነው" ይላቸዋል። እኔን የገረመኝ ድካሙ ነው! ያን ሁሉ ፋይል ከመልቀም ላይሰንሱን ማንበብ አይቀልም? ያ ፕሮግራም ጂፒኤል 3 በሚባል ላይሰንስ የወጣ ነው። ጂፒኤል ደግሞ መሸጥ አይከለክልም። አስከፍል፣ ትከል፣ አሠልጥን፣ ብላ። ግን ፕሮግራሙን ለሰጠኸው ሰው ኮዱንም ስጠው፣ አንተ ያገኘኸውን መብት እሱም ያግኝ። የሠሪዎቹን ስም አትንካ። በቃ።

ለሌላ ሰው ሳትሰጡ በራሳችሁ ድርጅት ውስጥ ብቻ ከተጠቀማችሁበት ጂፒኤል ኮድ አውጡ አይላችሁም። ኤጂፒኤል የሚባለው ዘመዱ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ ለውጣችሁት ሰዎች በኔትወርክ ከተጠቀሙበት ለነሱ ኮዱን ማቅረብ ግድ ነው። ኤምአይቲና አፓቼ የሚባሉት ላይሰንሶች ቀለል ይላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የባለመብቱ ስምና የላይሰንሱ ጽሑፍ እንዲቆይ ይፈልጋሉ።

ጊትሃብ ላይ፣ ሰው ኮዱን በሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ፣ ያገኛችሁት ኮድ ላይሰንስ ከሌለውስ? አትንኩት። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። አዋጅ 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል።

ተቃራኒውም አለ። አንድ ሐጂ "በዚህ ፕሮግራም ከሠራን የገበሬዎቻችንን ካርታ ለዓለም መስጠት አለብን አሉ" ብለው አስቆሙኝ። ማን እንዳስፈራራቸው እንጃ። በኪውጂአይኤስ የሠሩት ካርታ የሳቸው ነው።

ዋናውን ኮድ መቧጠጥ

እዚህ ላይ አፌን ሞልቼ አልናገርም፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ኦዱ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እንዲታይ ዋናውን ኮድ ገብቼ ቀየርኩ። ጳጉሜን ለማስገባት ሁለት ሌሊት አላደርኩም? ደስ አለኝ። ከዓመት በኋላ ወደ አዲሱ ቨርዥን ሳሳድገው ሁሉም ጠፋ። ቀኑ ሰኔ 30 ነበር። የሒሳብ ኃላፊዋ አጠገቤ ቆመው "የኔ ልጅ፣ ነገ እኮ ሐምሌ 1 ነው" አሉኝ። ያን ድምፅ አልረሳውም። አሁን ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ወደ እኛ የሚቀይረው ለብቻው የቆመ ሞጁል ነው። ዋናውን አልነካም።

ውስጡ ያለውን አለማወቅ

በ2014 ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሎግፎርጄ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራም ውስጡ የሚያስገባው የተዘጋጀ ኮድ፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲወራ አንድ ደንበኛ ደወለ። "እኛ ጋር አለ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰርቨሩን ስበረብር አድሬ ሪፖርት በምታትም ትንሽ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ አገኘሁት። ያ ደንበኛ እያንዳንዱ ጆንያ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚናገር ሰው ነው። እኔ ግን የሸጥኩለት ኮድ ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር። ዛሬ ሲፍት የሚባለው መሣሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ላይብረሪዎች ዝርዝር በደቂቃ ያወጣል። አውጡት፣ አስቀምጡት፣ በየአፕዴቱ አድሱት።

ሌሎቹን ልሩጥባቸው። "አድሚን፣ አድሚን" ፓስወርድ አይደለም። ባክአፕ መልሳችሁ ካልሞከራችሁት የላችሁም። የኮቦ ፎርም ላይ "ማንም ሰው ማየት ይችላል" የሚለውን አትጫኑ፤ የገበሬው ስም፣ ስልክና ማሳ የግል መረጃ ነው፣ ይህን የሚጠብቅ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። ቡናው ጥላ ሥር ስለሆነ ጂፒኤሱ ይዋዥቃል፤ ስልኩ የሚያሳየው የስህተት መጠን 5 ሜትር ላይ እስኪወርድ ቆማችሁ ጠብቁ።

ያ ልጅ ቁጥሮቹን ሲገለብጣቸው ነጥቦቹ ከአልጄሪያ ተመልሰው ጎማ ገቡ። አሥራ አንዱ ግን አጋሮ መናኸሪያ ላይ ተደራርበው አረፉ። መዝጋቢው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሞላቸው መሆን አለባቸው። ልጁ ነገ በጠዋት አጋሮ ይሄዳል።