ከሐዋሳ ጎንደር ለምትሄዱ፦ ግንቡን በነገሥታቱ ተራ እዩት

ፋሲል ግቢ እንደገባችሁ ዓይናችሁ ወደሳበው ሕንፃ አትሩጡ፤ ሁሉም ይምታታባችኋል። በነገሡበት ተራ ሂዱ፦ ፋሲለደስ፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ሣልሳዊ ዳዊት፣ በካፋ፣ በመጨረሻ እቴጌ ምንትዋብ።

ብዙውን ሰዓት ለኢያሱ ግንብ ተዉለት። ውስጡ ቆማችሁ ቀና ስትሉ የሚታያችሁ ሰማይ ነው። አስጎብኚው «እንግሊዝ በቦምብ መታው» ቢላችሁ ልክ ነው፤ ጣሊያን ግቢውን ይዞ ሳለ በ1941 እ.ኤ.አ. ተደብድቧል። ግን በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥም ጎድቶታል፤ ስንጥቁን ሁሉ በቦምብ አታሳብቡ።

ዓመት ሲነገራችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ጎንደር የተቆረቆረችበት 1636 እና 1628 ሲባል ብትሰሙ አትከራከሩ፣ አንዱ የፈረንጅ ሌላው የኛ ነው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው ማስታወሻው የሚበላሽበት።

ቲኬታችሁን አትጣሉ። የፋሲል መዋኛ ከግቢው ውጭ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እዚያም በር ላይ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ደረጃው ያረጀ ድንጋይ ስለሆነ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ሹራብም ያዙ፦ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ ጎንደር ከ2,100 በላይ።