መጽሐፍ ቅዱስን በካርታ እንዴት እናስተምር? ለሀዋሳ መምህራን

መጽሐፍ ቅዱስ መጨረሻ ላይ ያሉትን ባለቀለም ካርታዎች ብዙዎቻችን ገልጠን አይተን እንዘጋቸዋለን። ካርታ የሚጠቅመው ሲለኩበት ነው። ለዚህ ደግሞ የሀዋሳ ሰው ዕድለኛ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል፣ ሐይቅ አለው፣ ታቦር የሚባል ኮረብታም አለው።

መጀመሪያ አንድ ጉዞ ምረጡ። ሰው ከቦታ ቦታ የሚሄድበት አጭር ታሪክ ይበቃል። ለመጀመሪያ ቀን ሉቃስ 10 ላይ ያለውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ውሰዱ፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያገኙት ሰው ታሪክ ነው።

ቀጥሎ ካርታውን ራሳችሁ ሳሉት። ማኒላ ወረቀትና ማርከር በቂ ነው። በግራ የሜዲትራንያንን ዳርቻ አስምሩ። በቀኝ ከላይ የገሊላን ባሕር፣ ከታች ሙት ባሕርን ሳሉና በዮርዳኖስ ወንዝ አገናኟቸው። ኢያሪኮን ከሙት ባሕር በስተሰሜን፣ ኢየሩሳሌምን ከእሷ በስተምዕራብ አድርጉ። ባያምር ግድ የለም።

አሁን ከፍታውን ጻፉበት። ይሄንን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሀዋሳ ሻሸመኔ በሉት። በዚህች መንገድ ሰውዬው 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፣ ያውም በደረቅና ገደላማ ምድረ በዳ። "ወንበዴ የት ይደበቃል? ካህኑ አይቶ ሲያልፍ ምን አስቦ ይሆን?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አትንገሯቸው። ስልክ ያለው ተማሪ ጉግል ኧርዝ ላይ ከፍታውን ራሱ ይፈልግ።

አንድ ነገር ግን ልጆችን ያደናግራል። ካርታ ላይ "ላይ" ማለት ሰሜን እንጂ ከፍታ አይደለም። ከገሊላ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው በካርታው ወደ ታች ይሄዳል፤ ተራራውን ግን ሽቅብ ነው የሚወጣው።

ርቀትንም በሚያውቁት መንገድ አስለኩ። "ከዳን እስከ ቤርሳቤህ" ሲባል አገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። በቀጥታ ሲለካ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከሀዋሳ አዲስ አበባ በመኪና የምንሄደው ይበልጣል።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ውሰዷቸው። ኢየሱስ ማዕበሉን ጸጥ ያደረገበትን ማርቆስ 4ን አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ማንበብ ክፍል ውስጥ ከማንበብ በጣም ይለያል። የገሊላ ባሕርም ሐይቅ ነው። ስፋቱ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሀዋሳን ሐይቅ እጥፍ አይሞላም። ልዩነቱንም አሳዩ። የእኛው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የገሊላው ከባሕር ወለል ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በኮረብቶች የተከበበ ነው። ከኮረብቶቹ ቀዝቃዛ አየር ወደ ሞቃቱ ሐይቅ ሲወርድ ማዕበል በድንገት ይነሳል። ሙት ባሕር መውጫ ስለሌለው ጨው በዛበት ስትሉ፣ "የሀዋሳስ መውጫ አለው እንዴ?" የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጎበዝ ነው! የእኛው ውሃ ከመሬት በታች ሰርጎ እንደሚወጣ ይታሰባል።

እርግጡ ያልታወቀውን ቦታ በእርሳስ ጻፉ። ወንጌሎቹ ጌታ መልኩ የተለወጠበትን ተራራ በስም አይጠሩትም። ታቦር ነው የሚለው ከጥንት የመጣ ትውፊት ነው፤ አርሞንኤም ነው የሚሉም አሉ። የኤማሁስም ቦታ ያከራክራል። ዘመኑንም አትርሱ። የጥብርያዶስ ከተማ የተቆረቆረችው በ20 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለሆነ የዳዊት ዘመን ካርታ ላይ ቦታ የላትም።

በሁለተኛው ሳምንት የሐዋርያት ሥራ 8ን ሞክሩ። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ የሚወርደውን መንገድ አስምሩ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሥልጣን የነበረው ጃንደረባ ከዚያ በየት እንደሄደ መጽሐፉ አይናገርምና ተማሪዎቹ በነጠብጣብ ይቀጥሉት። ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች የህንደኬን መንግሥት በዛሬዋ ሱዳን፣ ሜሮዌ ላይ ያስቀምጡታል። ይሄ ክርክር ማስነሳቱ ስለማይቀር ሰዓቱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አትጀምሩት።