ፊርማ ብቻ ፈልጋችሁ አትምጡ

በምዝገባ ሳምንት የቢሮዬ በር አይዘጋም። ኮሪደሩ ላይ ተማሪው እንደ ታክሲ ሰልፍ ተደርድሮ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ፎርም ይሞላል። ተራው የደረሰው ገብቶ ወረቀቱን ፊቴ ይዘረጋና «መምህርት፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ይለኛል። «የምትወስዳቸው ኮርሶች የትኞቹ ናቸው?» ስለው መልስ ፍለጋ ዞር ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ጓደኛውን ያያል።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ሳስተምር ዘጠነኛ ዓመቴ ነው፤ ሰባቱን ዓመት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። አማካሪ የሚለው ቃል ትልቅ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ለአንድ ተማሪ አሥር ደቂቃ ከሰጠሁ ብዙ ሰጠሁ። አርባ ያህል ተማሪ ተመድቦልኛል፤ መልካቸውን አውቃለሁ፣ ማን የትኛውን ኮርስ ሳይወስድ እንደቀረ ግን በቃሌ አልይዝም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ዶርም ውስጥ፣ ከምዝገባው ሳምንት በፊት ነው። እኔ ዘንድ የምትመጡት የሠራችሁትን አሳይታችሁ፣ ያልገባችሁን ጠይቃችሁ ለመሄድ ነው።

ይህን የምለው ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ስታቲስቲክስ ለኢኮኖሚስቶች የሚባለውን ኮርስ በአድ እና ድሮፕ ጊዜ፣ ማለትም ከምዝገባ በኋላ ኮርስ በሚጨመርበትና በሚጣልበት ሰሞን፣ ጣልኩት። ክፍሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ መምህሩም ውጤት ላይ እጃቸው አይፈታም ይባል ነበር። «በሚቀጥለው ሴሚስተር እወስደዋለሁ» ብዬ ፈረምኩ፤ አማካሪዬም ቀና ሳይሉ ፈረሙ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርሱ አልተከፈተም። ለካ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። እርሱን ሳያልፉ ኢኮኖሜትሪክስ አንድን መውሰድ አይቻልም፤ አንድን ሳያልፉ ደግሞ ሁለትን አይሞክሩትም። የክፍል ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ አበባ ይዤ ከወላጆቻቸው ጋር ቆሜ ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት የበላብኝ የጠዋት እንቅልፍ ነው።

ከመጨረሻው ጀምሩ

መጀመሪያ የትምህርት ክፍላችሁን ሙሉ የኮርስ ዝርዝር እጃችሁ አስገቡ። የዚህን ሴሚስተር ብቻ የሚያሳየውን ማለቴ አይደለም፤ ከመግቢያ እስከ ምርቃት ያለውን ነው። ትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል፤ ከሌለም ከበላያችሁ ያለ ተማሪ ስልክ ውስጥ አይጠፋም። ሥርዓተ ትምህርቱ በየጊዜው ስለሚከለስ ግን የእናንተ ባች የሚማርበት መሆኑን አረጋግጡ። የታላቅ ወንድምን ዝርዝር ይዘው መጥተው የሌለ ኮርስ የጠየቁኝ አሉ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘርጉና ኮርሶቹን በየዓመቱና በየሴሚስተሩ አስቀምጡ። ያለፋችሁትን አንድ ምልክት፣ ኤፍ ያለበትን ወይም የጣላችሁትን ሌላ ምልክት አድርጉበት። አሁን ከታች፣ ከመመረቂያ ጽሑፉ ተነስታችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ይህን ለመውሰድ የትኛውን ማለፍ አለብኝ? ያንንስ ለመውሰድ? እያላችሁ በመስመር አያይዙ። በእኛ ክፍል ብታደርጉት ስታቲስቲክስ ላይ የሚንጠለጠለው መስመር ብዛት ያስደነግጣችኋል። ከኮርሶቹ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ምንም መስመር አይነካቸውም። ሁለቱም ባለ ሦስት ክሬዲት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

መስመሩ ካለቀ በኋላ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጡትን ለይታችሁ በቀይ ክበቡ። ይህ በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ትምህርት ክፍሉን ወይም አማካሪያችሁን መጠየቅ የግድ ነው። የእኔን ጥፋት ከእናንተ የሚያርቀው ይህ አንድ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ያለውን ሥዕል ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሠርታ መጣች። ገጹ ጠቧት ሁለት ቅጠል በፕላስተር አያይዛለች። ጣቷን እያስኬደች፣

«መምህርት፣ ይህንን ከሁለተኛ ዓመቶች ጋር ብደግም ከዚህኛው ጋር በሰዓት ይጋጭብኛል። የትኛው ይቅር?» አለችኝ።

«የትኛው ላይ ነው ቀይ ያለው?»

ደብተሩን አየችውና ሳቀች። ከገባች አራት ደቂቃ አልሞላትም ነበር። የቀረውን ጊዜ ያጠፋነው የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ በመነጋገር ነው፤ እኔም ከዚያ ሁሉ ሰልፍ መካከል ደስ ብሎኝ ያማከርኩት ያንን ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን፣ የምትደግሙት ኮርስ ካለ የታችኛውን ባች የክፍል ፕሮግራም ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ፎቶ አንሡ። የሰዓት ግጭት መኖሩ የሚታወቀው ሁለቱን ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው፤ ብዙዎች የሚያውቁት ግን ክፍሉ ከተጀመረ በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ይህ ሁሉ ገና አይነካችሁም። ከ2012 ጀምሮ አንደኛ ዓመት በጋራ ኮርሶች የሚያልፍ ነው፤ ሎጂኩንም ጂኦግራፊውንም ሥነ ልቦናውንም ሁሉም ይወስዳል፤ ምርጫ የለበትም። የእናንተ ጭንቅ የትምህርት ክፍል ምደባ ነው። መመዘኛው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ የአንደኛ ዓመት ውጤት የማይቆጠርበት ቦታ ግን አላጋጠመኝም። «ቀላል ነው፣ ምን አለው» ብላችሁ የምትንቁት ኮርስ ምደባው ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ማስጠንቀቂያ ላይ ላላችሁ

አማካይ ውጤቱ ከ2.00 በታች የሆነ ተማሪ ቢሮዬ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ የሚጠይቀኝም «ይድናል ወይ?» ብሎ ነው፣ ስለ በሽተኛ እንደሚጠየቀው። ይህ በግምት የሚመለስ አይደለም፤ ይሰላል። ስልካችሁን አውጡና አብረን እንሥራው።

እስካሁን 36 ክሬዲት ወስዳችኋል እንበል፤ ባለ ሦስት ክሬዲት 12 ኮርስ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ ተባዝቶ ሲደመር 68.25 ሆኗል። ለ36 ሲካፈል 1.90 ይመጣል። በመጪው ሴሚስተር 6 ኮርስ ብትወስዱ ጠቅላላው 54 ክሬዲት ይሆናል። 2.00 ላይ ለመድረስ 108 ነጥብ ያስፈልጋል፤ የሚጎድላችሁ 39.75 ነው። ሲ 2፣ ቢ ማይነስ 2.75 ነው፤ በሦስት ክሬዲት ይባዛል። አራት ሲ 24 ነጥብ ያመጣል። በቀሩት ሁለት ኮርሶች ቢ ማይነስ ብታገኙ 16.5 ይጨመራል። ድምሩ 40.5፤ ወጣችሁ ማለት ነው።

አንዱን ኮርስ ብትጥሉስ? 51 ክሬዲት፣ 102 ነጥብ፤ የሚጎድለው 33.75 ነው። ሦስት ሲ 18 ይሰጣል፤ ሁለት ቢ ማይነስ 16.5፤ ድምሩ 34.5። አስተውሉ፤ ሁለቱ ቢ ማይነስ አሁንም አልቀረላችሁም። የቀነሰላችሁ አንድ ሲ ብቻ ነው። ኮርስ መጣል ሸክም የሚያቀል ይመስላል እንጂ፣ ሲ የምታገኙበትን ኮርስ ስትጥሉ የምታተርፉት ለሌሎቹ የሚሆን የጥናት ጊዜ ነው። የሚጣለው ኮርስ ዲ ወይም ኤፍ የሚያሰጋችሁ ከሆነ መጣሉ በእርግጥ ይረዳል። ቀይ ክብ ያለበት ከሆነ ግን እጃችሁን አንሡ፤ ከእርሱ ይልቅ ሌላ ፈልጉ።

ስለ ጭነቱ ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ተማሪ ኢሲቲኤስ የሚለውን ቁጥር እንደ ጌጥ ያየዋል። አንዱ ኢሲቲኤስ ክፍሉን፣ ንባቡንና የቤት ሥራውን አጠቃልሎ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። የሴሚስተሩ 30 ቢሆን፣ በዝቅተኛው እንኳ 750 ሰዓት ነው፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 47 ሰዓት ያህል። ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ የምትሠሩ፣ ከሳምንቱ ውስጥ ይህን ያህል ሰዓት ከየት እንደምታመጡ በቁጥር ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ ያኔ የምንነጋገረው የሚጨበጥ ነገር ይኖረናል።

ቢሮ ስትመጡ

የውጤት ሪፖርታችሁን፣ ያንን የመስመር ሥዕል፣ የምትወስዷቸውን ኮርሶችና አንዱ ቢሞላ ወይም ባይከፈት የምትተኩበትን ይዛችሁ ኑ። ሪፖርታችሁ ላይ ኤንጂ (ውጤት አልገባም) ወይም አይ (ያልተሟላ) የሚል ካለ ከምዝገባው በፊት መምህሩን ፈልጋችሁ አግኙ። በብዙ ቦታ ጊዜው ሲያልፍ ወደ ኤፍ ይለወጣል፤ ያኔ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ደጅ የምትጠኑት እናንተ ናችሁ።

ጥያቄያችሁን ጻፉት፤ ሰልፉ ሲገፋችሁ ይጠፋባችኋል። «ምን ይሻለኛል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልስላችሁ አጠቃላይ ወሬ ነው። «የደገምኩት ኮርስ ውጤት የቀድሞውን ይተካል ወይስ አብሮ ይቆጠራል?»፣ «ይህ ኮርስ በክረምት ይከፈታል?»፣ «ሰባት ኮርስ ለመውሰድ ማን ነው የሚፈቅድልኝ?» ብትሉኝ ግን ወይ እመልሳለሁ፣ ወይ ስልክ አንሥቼ እጠይቅላችኋለሁ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ከኮርስ ቁጥር ይከብዳል። ቤት ውስጥ ሐዘን የደረሰበት፣ የታመመ፣ ገንዘብ የቸገረው ተማሪ ብዙ ጊዜ ለማንም ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ አገሩ ይገባል። ነገሩን መንገር ነውር ይመስለዋል። በይፋ የወጣ ተማሪ ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ) ጨርሶ ስለሚሄድ ሲመለስ በደንቡ መሠረት ካቆመበት ይቀጥላል። ዝም ብሎ የጠፋው ግን ስሙ ክፍል ዝርዝር ላይ እንዳለ ስለሚቀር በየኮርሱ ኤፍ ይቆጠርበታል። የሚለያቸው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ምክንያቱን በዝርዝር እንድትነግሩኝ አልጠይቅም፤ «መቆየት አልቻልኩም» ብትሉኝ ይበቃኛል። በአካል መምጣት ካልቻላችሁ ጓደኛችሁን ላኩና ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቅላችሁ።

ወደ ምርቃት ለተጠጋችሁ፣ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለባችሁ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው ዋና ዋናዎቹን የሙያ ኮርሶች ስለሚያነሣ፣ የየኮርሱን አውትላይን (የይዘት ዝርዝር) ከሁለተኛ ዓመት ጀምራችሁ በአንድ ፋይል አስቀምጡ። በመጨረሻው ዓመት ያንን ፍለጋ የሚሯሯጠው ሕዝብ ያሳዝናል።

የምዝገባው ዕለት

ምዝገባው በኢንተርኔት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሲነጋ ግቡበት። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ እንደሚጨናነቅ የማያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያኔ ነው የሚሞክረው። የዘገየ በቅጣት ይመዘገባል፤ ቅጣት የሚከፈልበት ቀን ካለፈ ደግሞ ሴሚስተሩ ይዘላል። የወጪ መጋራት ውሉን ስትሞሉ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ቅጂውንም በስልካችሁ አንሡ፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን ስትጠይቁ ተመልሶ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ካፌ ወይም ነን ካፌ (በግቢው ካፌ መመገብ ወይም የምግቡን ገንዘብ መቀበል) የሚለው ምርጫም በዚሁ ሰሞን ስለሚያልቅ አትዘናጉ።

አንድ ጊዜ ከሴሚስተሩ ማብቂያ በኋላ አንድ ተማሪ መጣብኝ። ሙሉውን ሴሚስተር ሳይቀር ተምሯል፤ አሳይመንት ሠርቷል፤ የመጨረሻ ፈተና ተፈትኖ ቢ ፕላስ አምጥቷል፤ ወረቀቱንም አየሁት። የሬጅስትራሩ መዝገብ ላይ ግን ውጤቱ የሚገባበት ቦታ የለም። የኮርሱ መምህር የመገኘት መቆጣጠሪያው ላይ ስሙን ከታች በእስክሪብቶ ጨምረውለት ስለነበር ተመዝግቤአለሁ ብሎ ነው የኖረው።

«የምዝገባ ስሊፕህን አምጣ» አልኩት። ከቦርሳው ሥር፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ተበጣጥሶ አወጣው። አብረን ቆጠርን። አምስት ኮርስ ነው የተጻፈበት፤ ስድስተኛው የለም።

«ይህን ከተቀበልክ ወዲህ ከፍተኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ መምህርት።»

ስሊፑን ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ ኮርሶቹን ቁጠሩ፤ ኮዳቸውንም ከዝርዝራችሁ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አድ እና ድሮፕ ካደረጋችሁ አዲሱን ስሊፕ ተቀብላችሁ እንደገና ቁጠሩ። የጎደለ ካለ በዚያው ሳምንት ከሆነ ባለ አንድ መስመር ማመልከቻ ይበቃዋል።